ሻወሩ ያፈሳል፣ ባለሙያውም ስልክ አያነሡም

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው።

መታጠቢያ ቤትሽንና ኩሽናሽን ለማሳደስ ከአንድ የቤት ጥገና ባለሙያ ጋር ተስማማሽ። በ3 ሳምንት ያልቃል ተባለ። አሁን 9ኛው ሳምንት ነው። ከጠቅላላው ዋጋ 80 በመቶውን ከፍለሻል። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ አልቆ ሻወሩን መጠቀም ከጀመራችሁ ከ10 ቀን በኋላ፣ ከሻወሩ ጀርባ ባለው የልጅሽ መኝታ ቤት ግድግዳ ግርጌ ላይ እርጥበት ታየ። ባለሙያው መጥተው አዩና «ግራውቱ (የሴራሚኮቹ መገጣጠሚያ ሙሊት) ነው፣ ሲሊኮን እሞላበታለሁ» አሉ። እዚያው ቆመው ደግሞ በመሃል ላዘዝሻቸው ሥራዎች ከውሉ ውጭ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቁ። ማታ ላይ በንዴት የድምፅ መልእክት ላክሽላቸው። «በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ተባልኩ» ብለው መለሱና ከዚያ ወዲህ ስልክሽን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ባለቤትሽ «ሌላ ሰው አምጥተን አፍርሰን እናሠራው» ይላል። አንቺ ደግሞ ትጠይቂኛለሽ፦ ቀሪውን ልክፈል ወይስ ልያዝ? ሌላ ባለሙያ ላምጣ? ከእሳቸው ጋር እንዴት ልነጋገር? የልጄን ክፍል ግድግዳስ ቀለም ላስቀባው?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። እርጥበቱ «ሶኬቱ አጠገብ ደርሷል» ብለሻል። ይህን ዓረፍተ ነገር በደብዳቤሽ መሃል እንደ ቀላል ነገር ነው ያለፍሽው። እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። የዚያን ሶኬት መስመር ከማከፋፈያው ላይ አጥፊው። ግድግዳው ደርቆ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስኪያየው ድረስ ማንም እንዳይነካው። ይህን አድርጊና ተመልሰሽ አንብቢ።

አሁን ወደ ጸቡ እንምጣ። የላክሽላቸውን መልእክት ቃል በቃል ጽፈሽልኛል። ግድግዳው ረጥቧል አልሽ፤ እውነት ነው። ሥራው ዘግይቷል አልሽ፤ እሱም እውነት ነው። «ገንዘቤን በልተው ጠፉ» ያልሽው ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ገንዘቡ አልተበላም። ሴራሚኩ ተነጥፏል፣ ቧንቧው ተዘርግቷል፣ ኩሽናውም ግማሽ መንገድ ደርሷል። ስለ ግድግዳው ብቻ ብትናገሪ ኖሮ ሰውዬው ስለ ግድግዳው መልስ መስጠት ግድ ይሆንባቸው ነበር። ስማቸው ሲነካ ግን ስለ ስማቸው ብቻ ማውራት ጀመሩ። ግድግዳው ተረሳ። አሁን ሆድና ጀርባ የሆናችሁት በቃላት ምክንያት ነው፤ ውሃው ግን እናንተ እስክትታረቁ አይጠብቅም።

ስለዚህ ይቅርታ ጠይቂ። ይቅርታው ለተናገርሽው ቃል ነው፤ ስለ ግድግዳው ያለሽ ጥያቄ ግን እንዳለ ይቆያል። ሁለቱን መለየት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። በዕድሜ አባትሽ ይሆናሉ፣ «ጋሼ» እያልሽ ነው የምትጠሪያቸው። «ስምንት ሳምንት ሙሉ ይሉኝታ ይዞኝ ምንም አልተናገርኩም» ብለሻል። በእኔ እምነት የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። ስምንት ሳምንት የተጠራቀመ ዝምታ በዘጠነኛው ሳምንት በአንድ ሌሊት ፈነዳ። ትልቅ ሰው ማክበር ማለት አለመጠየቅ አይደለም። በየሳምንቱ መጨረሻ «ጋሼ፣ የዚህ ሳምንት ሥራ የት ደረሰ? የሚቀጥለውስ ምንድን ነው?» ብትይ ኖሮ እሳቸውም አይከፋቸውም፣ አንቺም አትፈነጂም ነበር።

እንዲህ ብለሽ ብትጽፊላቸው ደስ ይለኛል። ድምፅ አይሁን፣ ጽሑፍ ይሁን፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ባለፈው ማታ በላክሁት መልእክት የተናገርኩት ቃል ተገቢ አልነበረም። ተበሳጭቼ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግድግዳው ግን አሁንም እየረጠበ ነው፣ የዛሬውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ ምንም ነገር እንዲሞላ ወይም እንዲፈርስ አልፈልግም። አብረን እንፈትሸው። ማክሰኞ ጠዋት ይሻልዎታል ወይስ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ? የተጨማሪውን ሥራ ሂሳብም ያን ቀን ቁጭ ብለን እናየዋለን።»

ሁለት ቀን አማራጭ መስጠትሽ ይጠቅማል። «መቼ ይመጣሉ?» የሚል ጥያቄ «እደውልልሻለሁ» በሚል መልስ ያልቃል። የሂሳቡን ነገር መጥቀስሽም ይጠቅማል። እሳቸውን ለመምጣት የሚያነሣሣቸው እሱ ነውና አትደብቂው።

ሲመጡ ደግሞ ረዳቶቻቸው ባሉበት አትውቀሻቸው። ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም። አንድ ባለሙያ በሠራተኞቹ ፊት ስህተቱ ሲነገረው ስህተቱን ማመን በጣም ይከብደዋል፤ ነገ እነሱን ማዘዝ አለበት። ለብቻቸው ወደ መኝታ ቤቱ ይዘሻቸው ግቢ፣ ግድግዳውን በእጃቸው ይንኩት፣ ከዚያ ተነጋገሩ።

አሁን ስለ ውሃው። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብጽፍ አትሰልቺ። አብዛኛው የአሠሪና የባለሙያ ጸብ ግምት ከግምት ጋር ሲጋጭ የሚነሣ ነው። እሳቸው «ግራውት ነው» ይላሉ፣ ባለቤትሽ «ሁሉም ነገር ነው» ይላል። ሁለቱም አልፈተሹም።

በሴራሚኮች መካከል የሚሞላው የሲሚንቶ ግራውት ውሃ አይከለክልም። ያሳልፋል። ሴራሚኩም ቢሆን ብቻውን የውሃ መከላከያ ተደርጎ አይታሰብም። ውሃውን የሚያስቀረው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው፤ ባለሙያዎች ዋተርፕሩፍ የሚሉት። እሱ በትክክል ከተቀባ ግራውቱ ላይ ስንጥቅ ቢኖርም እንኳ መኝታ ቤቱ አይረጥብም። ስለዚህ ከላይ ሲሊኮን መሙላት ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አይፈታውም። ለእሳቸውም ልናገርላቸው፦ ሲሊኮን ትክክለኛ ቦታ አለው። ግድግዳው ከወለሉ፣ ግድግዳውም ከግድግዳው በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ መሞላት ያለበት ግራውት ሳይሆን ሲሊኮን ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ ስላለ ግራውት ይሰነጠቃል። ሐሳቡን ያመጡት ከባዶ አይደለም።

ግን ምንጩ ዋተርፕሩፉ ላይሆንም ይችላል። ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ፍሳሽ የሚወስደው ቱቦ ሊሆን ይችላል። ወለሉ ሊሆን ይችላል። ሻወሩ የሚመታው ግድግዳም ሊሆን ይችላል። እነዚህን አንድ በአንድ መለየት ይቻላል፣ ብዙ መሣሪያም አይጠይቅም።

ዛሬ ማታ እርሳስ ያዢና የእርጥበቱን ጠርዝ ዙሪያውን አስምሪበት። ቀኑንና ሰዓቱን አጠገቡ ጻፊ። ከአንድ ቦታ ቆመሽ ፎቶ አንሺ። በየቀኑ እንዲሁ አድርጊ። መስመሩን አልፎ ከሄደ ማንም ሊከራከር አይችልም፣ አንቺም እሳቸውም። በተጨማሪ አንድ ቁራጭ ላስቲክ እርጥቡ ላይ አድርገሽ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጊውና አንድ ቀን አቆዪው። ጤዛው ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ውሃው ከውስጥ ነው የሚመጣው። ከላይ፣ በክፍሉ በኩል ብቻ ከታየ ደግሞ የክፍሉ አየር እርጥበት ነው። ያኔ ባለሙያውን በከንቱ ነው የወቀስነው ማለት ነው። በሻወሩ ልክ ጀርባ ስለሆነ ይህ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም፤ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው፣ ፈትሺው።

ቀጥሎ ቆጣሪው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ። ውሃ የሚቀዳ ማሽንም ሆነ ሌላ ነገር እንዳይኖር። የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሺ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግመሽ አንሺ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውሃ እየወጣ ነው። የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያም ሳይታወቅ ሊያፈስ ስለሚችል እሱንም አጣሪ፤ ጥቂት የምግብ ቀለም ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምረሽ ሳትለቂው ብትጠብቂና ቀለሙ ወደ ሳህኑ ቢወርድ ያፈሳል ማለት ነው። ውሃ የሚያመጣ ቧንቧ ሁልጊዜ ግፊት አለበት። ስለዚህ እሱ ካፈሰሰ እርጥበቱ ሻወር ባትወስዱም ይጨምራል። ይህ ትልቅ ምልክት ነው።

ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ወደ ፍሳሹ እለፉ። ለሁለት ቀን ያህል ሻወሩን አትጠቀሙበት፣ እርጥበቱ ይረጋጋ። ከዚያ ወለሉን ሳታረጥቡ፣ በቀጥታ የፍሳሽ መውጫው ውስጥ በባልዲ ውሃ አፍስሱ። ጥቂት ባልዲ አይበቃም፣ ደጋግሙት። እርጥበቱ ከእርሳሱ መስመር ካለፈ ቱቦው ወይም መጋጠሚያው ነው። ካላለፈ ወለሉን ሞክሩ፦ መውጫውን ድፈኑና የሻወሩን ወለል ውሃ ሙሉበት። 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ይበቃል፣ ከሻወሩ ከንፈር በላይ ግን እንዳይሄድ። የውሃውን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆይ። በጥሩ አሠራር ይህ ፈተና የሚደረገው ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት፣ ዋተርፕሩፉ እንደደረቀ ነው። ይህን የምታነቡ ሌሎች ሰዎች መታጠቢያ ቤት ልታሠሩ ከሆነ ከዚህ ደብዳቤ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህንኑ እላለሁ። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ውሃው ክብደት እንዳለው አስታውሱ፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እያንዳንዱ ሳንቲሜትር ውሃ 10 ኪሎ ነው።

ውሃው በግልጽ ካልቀነሰና እርጥበቱም ካልጨመረ ወለሉ ፈተናውን አልፏል፤ የቀረው የሻወሩ ግድግዳ ነው። መውጫውን ከፍታችሁ ሻወሩን ግድግዳው ላይ አስመቱትና እዩ።

ፈተናዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል አድርጓቸው፣ በመካከላቸውም ጊዜ ስጡ። ውሃ በግድግዳ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ዛሬ የፈሰሰው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሊታይ ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ብትሞክሩ መጨረሻ ላይ የረጠበው በየትኛው እንደሆነ አታውቁም። የቆጣሪውን ብቻሽን ልታደርጊው ትችያለሽ። የቀሩትን ግን እሳቸው ባሉበት እንድትጀምሪ እለምንሻለሁ። በዓይናቸው ያዩትን ነገር አይክዱም፣ የማይክዱትን ደግሞ ይጠግናሉ።

ጥፋቱ ወለሉ ላይ ከሆነ ጥገናው ምን እንደሚመስል አስቀድመሽ እወቂ፣ ስትነጋገሩ ይረዳሻል። የሻወሩ ወለል ሴራሚክና የግድግዳው የታችኛው ረድፍ ይነሣል። ዋተርፕሩፉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቀባል። ማዕዘኖቹ ላይ ማጠናከሪያ ጨርቅ ይገባል፣ በግድግዳውም በኩል ወደ ላይ ይወጣል። በሻወሩ ውስጥ ውሃ እስከሚመታበት ከፍታ ድረስ ማለት ነው። ይደርቃል። በውሃ ይፈተናል። ከዚያ ነው ሴራሚክ የሚመለሰው። በእያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ አንሺ። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ሥሩ ያለውን ማንም አያየውም።

ወደ ተጨማሪው ሂሳብ ልምጣ። እዚህ ላይ የምልሽ ሁሉ ላያስደስትሽ ይችላል። በደብዳቤሽ መሠረት የእጅ መታጠቢያው ከግራ ግድግዳ ወደ ቀኝ እንዲዞር አድርገሻል። የኩሽናው ሴራሚክም ከተገዛ በኋላ አስቀይረሻል። ሁለቱንም ያዘዝሽው ደግሞ እሳቸውን ሳይሆን በዕለቱ የነበረውን ሴራሚክ ሠራተኛ ነው። «እሺ አለኝ» ብለሻል። ሠራተኛው እሺ ማለት ይችላል፤ ዋጋ መናገር ግን አይችልም፣ ቀን መቁረጥም አይችልም። የእጅ መታጠቢያ ማዞር ለአንቺ አንድ ሜትር ወደዚያ ማለት ነው። ለእሳቸው ግን ግድግዳ መሰርሰር፣ የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ መስመር ማዞር፣ ፍሳሹ ተዳፋት እንዲኖረው ማድረግ፣ መልሶ መለሰን፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ይህ ሥራ ተሠርቷል፣ አንቺም ጠይቀሻል። መከፈል አለበት።

ስንት? የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ጠቅላላ ቁጥር አትቀበይ። «ጋሼ፣ ማቴሪያሉንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ይጻፉልኝ፣ የማቴሪያሉን ደረሰኝ ካለ ያሳዩኝ» በያቸው። ይህ ስድብ አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ይህን መጠየቅ ለምዷል። ዝርዝሩ ሲመጣ አንዳንዱ መስመር ተገቢ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ አንዳንዱ ደግሞ ድሮም በውሉ ውስጥ የነበረ ይሆናል። በመስመሮቹ ላይ መነጋገር ይቻላል። በጠቅላላ ቁጥር ላይ ግን እንካ ስላንቲያ ብቻ ነው የሚሆነው። ሴራሚኩን ያስቀየርሽበት ሂሳብ በተለይ ያንቺ ነው፤ ተገዝቶ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ለውጥ ካለ በጽሑፍ ይሁን። ትልቅ ወረቀት አያስፈልግም። «የኩሽናው መደርደሪያ በ20 ሳንቲሜትር ይራዘም። ዋጋው ይህን ያህል ይጨምራል። ጊዜው በ2 ቀን ይራዘማል። ተስማምተናል?» የሚል አጭር መልእክትና «አዎ» የሚል መልስ ይበቃል። የሚያዘውም አንድ ሰው ይሁን። ባለቤትሽ ማታ መጥቶ «ይህ ቀለም አይሆንም» ሲል፣ አንቺ ጠዋት «ይሁን» ስትይ፣ ባለሙያው የሁለት አሠሪ ሠራተኛ ይሆናል። ሁለታችሁ ቤት ውስጥ ተነጋገሩና ለእሳቸው በአንድ አፍ ተናገሩ።

ስለ መዘግየቱ ብዙ አልልም። ከ3 ሳምንት ወደ 9 መሄዱ ብዙ ነው፣ ያንን ደግሞ ማስረዳት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ግን «ሁለት ሦስት ቀን ማንም ሳይመጣ ቤቱ ክፍት ሆኖ ይውላል» ያልሽው ሁሉ ስንፍና ላይሆን ይችላል። የተነጠፈ ሴራሚክ ግራውት ከመሞላቱና ሰው ከመርገጡ በፊት ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ኮንክሪትና የሲሚንቶ ወለል የታሰበለትን ጥንካሬ ያገኛል የሚባለው በ28 ቀን ነው። ዋተርፕሩፍ በቅብና በቅብ መካከል መድረቅ አለበት። እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። «ለምን አልመጡም?» ከማለት «አሁን ምን እስኪደርቅ ነው የምንጠብቀው?» ብትይ እውነተኛ መልስ ታገኛለሽ። የሚጠበቅ ነገር ከሌለም ወዲያው ይታወቃል።

ቀሪው 20 በመቶ። ሁሉንም አሁን አትክፈይ። ሁሉንም ደግሞ እንደ ጅራፍ አትያዢው። ቁጭ ብለሽ አስቢው፦ የቀረው ሥራ ከ20 በመቶው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ኩሽናው ግማሽ ከሆነ ምናልባት ይበልጣል። ያ ማለት በጠየቁሽ ቁጥር ስትሰጪ ገንዘቡ ከሥራው ቀድሞ ሄዷል። ሠራተኞቻቸውን የሚከፍሉበት አጥሯቸው ይሆናል፣ ተጨማሪውንም አሁን የጠየቁት ለዚህ ይሆናል። ይህ ግምት ነው፤ ጠይቂያቸው። ብዙ ባለሙያ የሚጠፋው ሊያጭበረብር ፈልጎ ሳይሆን፣ ቢመለስ የሚያገኘው ከሚያወጣው ስለሚያንስበት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በማስፈራራት አትመልሺውም።

እኔ ብሆን 20 በመቶውን በሦስት እከፍለዋለሁ። 10 በመቶው ኩሽናው ሙሉ ለሙሉ ሲያልቅ። 5 በመቶው ሻወሩ ተጠግኖ የ24 ሰዓቱን ፈተና ሲያልፍ። የመጨረሻው 5 በመቶ ሁለት ወር ከተጠቀማችሁበት በኋላ። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። በትልልቅ የግንባታ ውሎች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ገንዘብ በመያዣነት ይቆያል፣ ጉድለት ታይቶ ሲስተካከል ይለቀቃል። የጥገናው ወጪ፣ ጥፋቱ የአሠራር መሆኑ ከታወቀ፣ የእሳቸው ነው። ለእሱ ሌላ ገንዘብ አትክፈይ። ለኩሽናው ማቴሪያል ካነሰ ግን ገንዘቡን በእጃቸው ከመስጠት ይልቅ አብረሻቸው ሄደሽ ራስሽ ግዢው። ይህን ሁሉ ተነጋግራችሁ ስትጨርሱ በዚያው ምሽት ጻፊላቸው፦ «ጋሼ፣ ዛሬ የተስማማነው ይህ ነው፣ የረሳሁት ካለ ያርሙኝ።» የቃል ስምምነት ሁለት ሰው ጋ ሁለት ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

አሁን የባለቤትሽ ሐሳብ። ሌላ ሰው አምጥቶ ማፍረስ። ንዴቱ ይገባኛል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት የኩሽናዬ ወለል ሥር ውሃ ታየ። የሠራውን ሰው በስልክ ተጣላሁትና አሰናበትኩት። አዲሱ ባለሙያ በመጣ በሰዓታት ውስጥ ሁሉንም አፈረሰው፣ «የቀድሞው ምንም አያውቅም» እያለ። ፎቶ አላነሣሁም። ሁለተኛ ከፈልኩ። ውሃው ግን ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ምንጩ ለካ በዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለች አንዲት የላላች መጋጠሚያ ነበረች። በመፍቻ የምትጠብቅ። የመጀመሪያው ሰው ወለሉን ጥሩ አድርጎ ሠርቶት ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ቁጭቱ የገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ያንን ሰው ይቅርታ የምጠይቅበትን አድራሻ አላገኘሁም።

ስለዚህ ሌላ ዓይን ከፈለጋችሁ ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው ፈልጉ። ለምክሩ ክፈሉት፣ ጥገናውን ግን እሱ እንደማይሠራው ከመጀመሪያው ንገሩት። ሥራውን እንደሚያገኝ ተስፋ ያደረገ ሰው የሌላውን ሥራ ማጣጣሉ አይቀርም። ለመጀመሪያው ባለሙያም አስቀድመሽ አሳውቂያቸው፤ ከጀርባቸው አይሁን።

እሳቸው የማይመጡ ከሆነስ? ከይቅርታው መልእክት በኋላ አንድ ሳምንት ጠብቂ። ዝም ካሉ አጭር ደብዳቤ ጻፊ፦ ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደታየ፣ እስከ ስንት ቀን ድረስ መጥተው እንዲያስተካክሉ እንደምትጠብቂ፣ ካልመጡ በሌላ ሰው አሠርተሽ ወጪውን ከቀሪው ክፍያ እንደምትቀንሺ። ቀን ይኑረው። ፎቶዎቹን አያይዢ። ቅጂ አስቀሪ። በብዙ አገሮች ሕግ ሥራውን የሠራው ሰው ጉድለቱን ራሱ እንዲያስተካክል ማሳወቂያና በቂ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ያንን ሳታደርጊ ሌላ ሰው ካስገባሽ በኋላ ላይ መብትሽን መጠየቅ ይከብድሻል። ከዚያ ወዲያ ሁለታችሁም የምታምኑት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ቢያገናኛችሁ ጥሩ ነው። እሱም ካልሆነ የሕግ ባለሙያ አማክሪ። በእርሳስ የተሰመረውን ግድግዳና በቀን የተደረደሩትን ፎቶዎች ይዘሽ ከሄድሽ ነገርሽ አጭር ይሆናል። እዚያ ትደርሻለሽ ብዬ ግን አላምንም። ሌባ ተባልኩ ብሎ የተከፋ ሰው ለስሙ የሚጨነቅ ሰው ነው። ለስሙ የሚጨነቅ ደግሞ በሩ በክብር ከተከፈተለት ይመለሳል።

የቀረው የልጅሽ ክፍል ነው። አሁን ቀለም አታስቀቢው። ውሃው ከውስጥ እየመጣ ቀለሙ አይይዝም፣ ይነፋና ይላጣል። እርጥበቱ የት እንደደረሰ የሚያሳየውን ምልክትም ትሸፍኚዋለሽ። ምንጩ ከተጠገነ በኋላም ግድግዳው ለሳምንታት ይደርቃል፤ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ። መስኮቱን ክፈቺ፣ አየር ይዘዋወር። ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ውሃው ይዞት የመጣው ጨው ነው፣ በደረቅ ብሩሽ አራግፊው። የላላው ልስን ይነሣ። ደርቋል ብለሽ ስታስቢ ያቺን ላስቲክ መልሰሽ ለጥፊና አንድ ቀን አቆዪ። ከሥሯ ጤዛ ከሌለ ቀቢውን ጥሪ።

እስከዚያው የልጅሽን አልጋ ከዚያ ግድግዳ አርቂው። ጥቁር ሻጋታ ካየሽበት ደግሞ ክፍሉ እስኪደርቅ ድረስ ልጅሽ ከእናንተ ጋር ትተኛ።